የመምህር ፈንታው ፕሮግራሞችና የተፋቀው ስም

መምህር ፈንታው ምሥጋናው ማረፋቸውን የሰማሁት የፈተና ወረቀት ሳርም ነው። ቀዩን እስክሪብቶ ጥዬ ወደ ቤታቸው ሮጥኩ። ሰቆጣ ወጥታ አልቅሳላቸዋለች፤ ከአጎራባች ወረዳዎች ከፃግብጂም ከጽጽቃም መምህራን መጥተዋል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን በቀብራቸው ላይ የሰማሁት ንግግር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ስለዚህ እሳቸውን የምታውቁ ሁሉ ከእኔ ለስላሳ ቃል ባትጠብቁ ይሻላል።

እኔ በዚያው ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህርት ነኝ፤ እሳቸው ደግሞ ሒሳብ ያስተምሩ ነበር። ኮምፒውተር ማንም አላስተማራቸውም። አንድ የእርዳታ ፕሮጀክት ጓዙን ጠቅልሎ ሲሄድ ትቶት የሄደውን አሮጌ ኮምፒውተር ትምህርት ቤቱ ተረከበና በዳንቴል ሸፍኖ አስቀመጠው። ዳንቴሉን የገለጡት እሳቸው ናቸው። ያኔ መብራት የሚመጣው አመሻሽ ላይ በጄኔሬተር ስለነበር፣ ሌላው ሰው ወደ ቤቱ ሲገባ እሳቸው ወደ ቢሮ ይመለሱ ነበር። ሽፋኑ ከተገነጠለ አንድ መጽሐፍ እየተማሩ ፕሮግራም መጻፍ ጀመሩ። «ምን ያደርግልዎታል?» ስላቸው፣ «ደስ ይለኛላ!» አሉኝ።

መጀመሪያ የሠሩት የሮስተር ፕሮግራም ነው። መምህር የሆነ ሁሉ የሮስተርን መከራ ያውቃል፤ የተማሪውን ሁሉ ውጤት በእጅ ደምረን፣ አካፍለን፣ ደረጃ አውጥተን፣ አንዲት ቁጥር ስትሳሳት ያን ሰፊ ወረቀት ቀደን እንደገና እንጀምራለን። እሳቸው ገላገሉን። ቀጥለው ለእድሩ፣ ለዘር መጋዘኑ፣ ለጤና ጣቢያው የካርድ ክፍል ሠሩ። በመጨረሻም የአካባቢያችንን ቋንቋ የኽምጣንጛን ፊደል ያዙ። ኮምፒውተሩ የአማርኛውን ሲጽፍ የእናታቸውን ቋንቋ አንዳንድ ፊደላት አያውቃቸውም ነበርና ነጥብ በነጥብ እየሣሉ አስገቧቸው። «እናቴ የምትናገረውን ማሽን አልጽፍም ቢለኝ ዝም ልበለው እንዴ?» ይሉ ነበር።

ይህን ሁሉ በፍሎፒ ገልብጠው ለመጣው ሁሉ ይሰጡ ነበር። ፕሮግራሙ ሲከፈት አንዲት መስመር ትመጣለች፦ «በነጻ ተሰጥቶሃል፤ በነጻ አሳልፍ። ፈንታው ምሥጋናው፣ ሰቆጣ።» ከዚህ ሌላ የጠየቁት ነገር የለም።

ለካህናቱ አጽዋማትንና በዓላትን የሚያወጣ የባሕረ ሐሳብ ፕሮግራም የሠሩ ጊዜ፣ መሪጌታ ወልደ ጊዮርጊስ ሰምተው «ደግሞ ጾም በመብራት ሊገባ ነው?» ብለው ተቆጡ። መቋሚያቸውን ይዘው ቢሮ ድረስ መጡና አጠገባቸው ተቀምጠው በቃላቸው እያሰሉ ከማሽኑ ጋር ያስተያዩ ጀመር።

«ፈንታው! ማሽንህ የነነዌን ጾም ሳተ!» አሉ ድንገት።

መምህር ፈንታው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እዚያው አረሙትና ከስማቸው ሥር ሌላ መስመር ጨመሩ፦ «ስህተቱን ያገኙት፣ መሪጌታ ወልደ ጊዮርጊስ።»

«እኔ ምን ሠራሁና ስሜን ትጽፋለህ?»

«ያለ እርስዎ እኮ አገሩን ያለ ቀኑ ላስጾመው ነበር፤ መሪጌታ።»

እንግዲህ እሳቸው አንዲት ስህተት ላገኘ ሰው ስም ጽፈው የሚያመሰግኑ ሰው ነበሩ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ሆነና ነገሩ፣ ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ አንድ ባለሙያ ነኝ ባይ ተነሣ። ስሙን መጥራት አፌን ያቆሽሸኛል። የሮስተሩን ፕሮግራም ወሰደ፣ ያቺን መስመር ፋቀ፣ የራሱን ስም ከነማዕረጉ ለጠፈ። ይኼም አልበቃውም፤ እሱ ብቻ በሚያውቀው የይለፍ ቃል ቆለፈበት። ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤቶች ሁሉ በሱ ቅጂ ብቻ እንዲሠሩ ተባለ። ሴሚስተር ባለቀ ቁጥር የፃግብጂ መምህር ያን ሁሉ አቀበት ወጥቶ «እባክዎ ይክፈቱልን» እያለ ደጁ ይቆማል። አይ ጉድ! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

«ጋሽ ፈንታው፣ ይከሰስ እንጂ!» አልኳቸው ደሜ ፈልቶ።

«ተይው እታለም። ስሜ ቢፋቅስ? ሮስተሩ ይሠራ የለም?»

«ቆልፎበታል እኮ ነው የምልዎት!»

«መቆለፉስ ከፋኝ» አሉ ይህን ጊዜ። ብዙም ሳይቆዩ ታመው ተኙ። የኽምጣንጛውን ፊደል ጨርሰውት ነበር፤ ለሰው ለማደል ግን አልደረሱም። አልጋ ላይ ሆነው እንኳ የሚያስጨንቃቸው እሱ ነበር። «ይኼም ይቆለፍ ይሆን?» ይሉኝ ነበር።

በቀብራቸው ዕለት የሕይወት ታሪካቸውን ሊያነብ የቆመው ማን ይመስላችኋል? ያው ሰውዬ! መሐረሙን አውጥቶ ዓይኑን ጠረገና «መምህር ፈንታው በእኔ አመራር ሥር በትጋት ይረዱኝ ነበር» አለ። ይረዱኝ ነበር! ሬሳቸው ፊት! ዓይን አውጣ! ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ እሱን ብትውጠውማ እሰየው ነበር። ጎኔ የቆመው ሰው ሁሉ እውነቱን እያወቀ አንገቱን ነቀነቀለት፤ ከሱ ንግግር ይልቅ የዚያ ራስ ነቅናቂ ሁሉ ነገር አስጠላኝ።

በሣልስቱ ደግሞ ለቅሶ ቤት መጣ። «እግዜር ያጽናዎት» ካለ በኋላ ወደ ባለቤታቸው ወደ ወይዘሮ ዝማም ጠጋ ብሎ፣ «ኮምፒውተራቸውንና ፍሎፒዎቻቸውን እኔ ብረከብ ለታሪክ ይቀመጣሉ» አላቸው።

«ሐዘን ላይ ነኝ ጌታው» አሉት ወይዘሮ ዝማም። «አርባቸው ይውጣና እንነጋገራለን።»

እሱ ሲወጣ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ፣ ያን ነገር ማባዛት ትችያለሽ?»

«እችላለሁ፤ እመቤቴ።»

«እንግዲያው አርባው ሳይደርስ አድርሺልኝ።»

መምህራን ተጋገዝን፤ ሥራዎቻቸውን ሁሉ፣ ፊደሉንም ጨምረን፣ ያቺን መስመር ሳንነካ በሲዲ ገለበጥን። በተዝካራቸው ቀን ካህናቱና ነዳያኑ በልተው ጠጥተው፣ መሪጌታ ጸሎት አድርሰው ሲያበቁ፣ ወይዘሮ ዝማም ሲዲ የሞላ ሰፌድ በር ላይ አስቀመጡ። «ተዝካር የቀመሰ ሁሉ ይህንንም ይዞ ይሂድ። የሳቸው ምጽዋት ይህ ነው» አሉ መሪጌታ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ኮምፒውተር በዓይኑ ያላየ ገበሬ ሳይቀር «ለልጄ» እያለ ወሰደ።

ለተዝካሩ መጥቶ የነበረው ያ ሰውዬ ሊሾልክ ሲል ወይዘሮ ዝማም አንዱን አንሥተው በሁለት እጃቸው ዘረጉለት። «እርስዎም ይውሰዱ እንጂ ጌታው። በነጻ ነው። እሳቸው ለማንም አይከለክሉም ነበር።»

ሰው ሁሉ ያያል። የተዝካር ነገር ደግሞ እምቢ አይባል። ፊቱ በርበሬ መስሎ እጅ ነሥቶ ተቀበለ። እኔ ብሆን ኖሮ ፊቱ ላይ ነበር የምወረውርለት!

ጋሽ ፈንታው፣ እርስዎ ይቅር ብለው ሄዱ፤ እኔ ግን አልቻልኩምና አይቀየሙኝ። ዘንድሮ የፃግብጂ መምህራን የማንም ደጅ ሳይቆሙ በእርስዎ ቅጂ ሮስተራቸውን ሠሩ። የእናትዎ ቋንቋም በትምህርት ቤታችን ግድግዳ ላይ ታትሞ ተለጥፏል። ያ ሰው ስምዎን እንደገና ይፍቅ ይሆናል፤ አመሉ ነውና ይፋቅ። አሁን ግን ስምዎ በየሰዉ ቤት ገብቷል፤ ቤት ለቤት እየዞረ ሊፍቅ ነው? ምንም አልተቆለፈም፤ ጋሽዬ። አሁን ይረፉ።