ሳያውቁ ማጥቆር

የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባት ፕሲኮሜትሪ የሚሉትን ፈተና ሁለት ጊዜ ተፈትኜ፣ ሁለቱንም ጊዜ በጥቂት ነጥብ ቀርቻለሁ።

የምታስጠናኝ የእህቴ ልጅ ናት። እዚሁ እስራኤል፣ አሽዶድ የተወለደች፣ ጸባ የሚሉትን የውትድርና አገልግሎት ጨርሳ ዩኒቨርሲቲ የገባች ልጅ ናት። ሮቫ ቫቭ በሚባለው ሰፈር ቤታቸው ተቀምጠን የልምምድ ፈተናዬን ስታርም ጭንቅላቷን ያዘች።

«አክስቴ፣ አሥራ አንድ ጥያቄ ባዶ! ስህተት እኮ ነጥብ አይቀንስም። ኒሑሽ አድርጊ! ገምቺ በቃ!»

«የማላውቀውን ምን ብዬ አጠቁራለሁ?»

«የሚያርመው ማሽን ነው እኮ። ማሽን አይታዘብሽም።»

«እኔስ? ራሴን አልታዘብም?»

«ወይ አክስቴ! እንዲህ እያልሽ ጡረታ ትወጫለሽ።»

ማንበብ የተማርኩት በሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ያልገባኝን አላልፍም፤ አንዱን አንቀጽ ሦስት ጊዜ አነባለሁ። ፈተናው ለአንድ ጥያቄ አንድ ደቂቃ እንኳ በወጉ አይሰጥም። የምሠራው ሮቫ ዛይን ካለ የእንስሳት ክሊኒክ ነው፤ ውሻ እይዛለሁ፣ የድመት ጥፍር እቆርጣለሁ። ሐኪሙ በሽታው ካልገባው በባለቤቱ ፊት «አላውቅም፣ ደም እንውሰድ» ይላል። እኔም ሐኪም መሆን ያማረኝ ይህን ስሰማ ነው። እዚያ ለመድረስ ግን መጀመሪያ መገመት አለብሽ ይሉኛል። እንዴት አያናድድ!

በሦስተኛው ፈተና፣ ሒሳቡ ላይ፣ ተቆጣጣሪዋ ሁለት ደቂቃ ቀረ ስትል ዘጠኝ ጥያቄ ይቀረኝ ነበር። አንዱን ማንበብ ጀመርኩና ተውኩት። ከዚያ በዘጠኙም ላይ ሦስተኛውን ክብ፣ ሳላነብ፣ ከላይ እስከ ታች በእርሳሴ አጠቆርኩ።

ውጤቱ የመጣ ዕለት የእህቴ ልጅ በስልክ እልል አለች። ትምህርት ቤቱ ከሚጠይቀው በአራት ነጥብ በልጫለሁ። አብሬያት እልል ልል አፌን ከፍቼ እምቢ አለኝ። ከዘጠኙ ስንቱን አገኘሁ? ያ አራት ነጥብ የእኔ ነው ወይስ የእርሳሱ?

በማግስቱ ፈተናውን የሚያዘጋጁት ቢሮ ደወልኩ።

«ጊቬሬት፣ ነጥቡ በቂ ነው» አለችኝ ጸሐፊዋ በዕብራይስጥ። «ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«መልሶቹን።»

«መልስ አንሰጥም።»

«እሺ፣ ጥያቄዎቹን ብቻስ? ቁጭ ብዬ ልሥራቸው።»

ሳቀች። የቀለድኩ መስሏት ነው።