አራት ጣት ዝቅ

አባቴ ድንጋይ አንጣፊ ነው። ኮብልስቶን ራሱ ይጠርባል፣ ራሱ ያነጥፋል። ለውጡ የመጣ ሰሞን እዚህ ሐይቅ ከተማ የውስጥ ለውስጥ መንገዱ ድንጋይ ሲለብስ ከጠዋት እስከ ማታ ሥራ ላይ ነበር። እኔ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ ምሳውን ይዤለት ስሄድ ከዚያ ሁሉ መዶሻ መሃል የእሱን ድምፅ ከሩቅ እለየው ነበር። ወላሂ አልዋሽም። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ውሸት አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ቦታው ሲደርስ ይመጣል።

ከዚያ ጦርነቱ መጣና ሸሸን። ስንመለስ ቤታችን ቆልፈነው እንደሄድነው ነበር። ቁልፉን ተቀብለው የጠበቁልን ጎረቤታችን ናቸው፣ እትዬ የምላቸው ባልቴት። እሳቸው ክርስቲያን፣ እኛ ሙስሊም፣ በመሃላችን ያለው አንድ የእንጨት አጥር ነው። አገር ሲሸሽ «እኔ በዚህ ጉልበቴ የት ልደርስ» ብለው ቀሩ። የእኛን ቤት የማን ነው ብሎ ለሚጠይቅ ሁሉ «የልጄ ነው» ይሉ ነበር። የእናቴን የልብስ ስፌት ማሽን ብቻቸውን ወደ ማድ ቤታቸው ጎትተው፣ ማሽላ ከሚያኖሩበት፣ ሰው ከሚያክለው የጭቃ ጎታ ኋላ ደብቀው፣ ኩበት ከምረውበት ቆዩን።

ከተመለስን በኋላ ለአባዬ ሥራ የሚባል ጠፋ። ጣራውን ያልጠገነ ሰው ደጁን አያስነጥፍም። መዶሻው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከረመ። አንድ ቀን ግን ብድግ ብሎ «የራሴን ግቢ አነጥፋለሁ» አለ። ከድሮ ሥራው ተራርፎ ከቤቱ ጀርባ የተከመረ ድንጋይ ነበረው።

«ለማን ብለህ?» አለችው እናቴ።

«ለሚያልፍ ሰው። በሩን ክፍት አድርጌ እተወዋለሁ። እጄ ሥራውን እንዳልረሳ ሰው አይቶ ይመስክር።»

ለእኛ ግቢ ነበር፤ ለእሱ ግን ስሙ ነው። ይህን አውቅ ነበር። ሳላውቅ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ ነበር።

ረዳቱ እኔ ሆንኩ። ወሩ ሰኔ ነው። እስከ ዙሁር፣ እስከ ቀትሩ ሶላት፣ ፀሐዩ ድንጋዩን እጅ እስኪፈጅ ያግለዋል፤ ከዙሁር በኋላ ደመናው በሐይቁ በኩል ይመጣና ዝናቡ ጠዋት የደለደልነውን አሸዋ ጠራርጎ ይዞት ይሄዳል። ላስቲክ እናለብሰዋለን፣ ላስቲኩ ላይ ድንጋይ እንጭናለን፣ በማግስቱ ደግሞ እንደገና። አባዬ አይናደድም። በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ዝናቡ ግቢውን እንዴት እንደሚያቋርጥ ያያል። «እዪው፣ መንገዱን ራሱ እየነገረሽ ነው» ይለኛል። «እንዲህ ዝናብ በሚበዛበት አገር ድንጋዩን መደርደር ቀላል ነው። ከባዱ ውሃውን በደህና ማስወጣት ነው።»

የሚለካው በውሃ ልክ ነው። ውስጡ የሚታይ ረጅም የላስቲክ ቱቦ ውሃ ይሞላና አንዱን ጫፍ እሱ ቤቱ ጥግ ካለው ችካል ላይ፣ ሌላውን ጫፍ እኔ ሩቅ ካለው ችካል ላይ እንይዛለን። ውሃው መወዛወዙን ሲተው በሁለቱም ጫፍ እኩል ይሆናል።

«ቆመ?» ይለኛል።

«ቆመ!» እላለሁ፤ በእርሳስ ምልክት አደርጋለሁ። ከዚያች ምልክት ወደ ታች በጣት እየለካን ሲባጎ እናስራለን፤ ድንጋዩ የሚነጠፈው ሲባጎውን ተከትሎ ነው። በእትዬ አጥር በኩል ያለው ችካል ላይ ሁለት ጣት ዝቅ፣ በመንገዱ በኩል ካለው የዘይቱን ዛፋችን ሥር ያለው ላይ አራት ጣት ዝቅ። ያኔ ውሃው ከቤቱ ሸሽቶ ወደ ዘይቱኑ ይሄዳል፣ ከዚያ በፊት ለፊቱ አጥር ቀዳዳ ወደ መንገዱ ቦይ ይወጣል።

ችግሩ ዘይቱኑ ሥር ነው። በዚያ ዓመት የአማርኛ መምህራችን ስለ ሐይቁ ዓሣ አስጋሪዎች የጻፍኩትን ድርሰት ለክፍሉ አነበበው።  ሲጨርስ አንድ ልጅ ዞር ብሎ «ከየት ገለበጥሽው?» አለኝ፤ እንደዚያ ያለ ምስጋና እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ቤት እስክደርስ በእግሬ የሄድኩ አይመስለኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ጸሐፊ ነበርኩ፤ ጸሐፊ ደግሞ ቦታ ያስፈልገዋል። ዘይቱኑ ሥር ትንሿን ጠረጴዛና አንድ ወንበር አስቀምጬ ስጽፍ መንገደኛው በተከፈተው በር ሲያየኝ በሐሳቤ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ያ ጥግ አራት ጣት ዝቅ ካለ ግን ጠረጴዛዬ ይንጋደዳል፣ እግሬም ቦይ ውስጥ ነው።

አባዬ ለዙሁር ሶላት ሊሄድ ሲል «የዘይቱኑን ሲባጎ እሰሪና ጠብቂኝ» አለኝ። «ያንቺ ጣት ከእኔ ይቀጥናል፣ አራት ተኩል አድርጊው» ብሎም እየሳቀ ወደ መስጊድ ሄደ።

አንድ ጣት ዝቅ አድርጌ አሰርኩት።

ውሃው ታዲያ ወዴት ይሄዳል ብዬ አላሰብኩም ብል ሁለተኛ ውሸት ይሆንብኛል። አስቤያለሁ። ትንሽ ወደ እትዬ በኩል ቢሄድ ነው፣ እዚያ ያለው አጥር ነው፣ አጥር ምን ይሆናል፤ እንዲህ ነበር ያልኩት።

አባዬ ተመልሶ በርከክ አለ፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በሲባጎው ትይዩ አየ።

«ይቺ ጥግ ቀና አላለችም?»

«አላለችም አባዬ። ሁለቴ ለካሁት።»

ያ ነው ውሸቱ። ወደ ሰማይ ቀና አለ፣ ደመናው እየመጣ ነበር። ወደ እኔም አየ። «ካልሽ እሺ» አለና መዶሻውን አነሣ።

ሲያልቅ እንዴት ያምር እንደነበር! ክፍተቱ ሁሉ በአሸዋ ተሞልቶ፣ ድንጋዩ ከድንጋይ ጋር ጥርስ ለጥርስ ገጥሞ። እትዬ በራችን ላይ ቆመው «ጫማዬን አውልቄ ነው የምገባው?» አሉ። አንዱ አላፊ «አንተ ሰው፣ ሳሎንህን ደጅ አወጣኸው እኮ!» ብሎ ጮኸ። አባዬ አቀርቅሮ አሸዋ የሚጠርግ መሰለ፤ ጆሮው ግን ሲስቅ ይታይ ነበር። እኔ ዘይቱኑ ሥር፣ ጠረጴዛዬ ላይ ነበርኩ፤ ጠረጴዛው አልተንጋደደም።

ሐምሌ ገባና እውነተኛው ዝናብ መጣ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጣራውን ሊበሳ የደረሰ። አባዬ ድንጋዩ ሲፈተን ለማየት በረንዳ ላይ ወጥቶ ቆመ። ውሃው ከየአቅጣጫው ተሰብስቦ፣ አንድ ሆኖ፣ በቀጥታ ወደ እትዬ አጥር ሄደ። ዘይቱኑ ሥር ጠብታ አልደረሰም። አባዬ ወደ ዘይቱኑ አየ፣ ወደ አጥሩ አየ፣ ደግሞ ወደ ዘይቱኑ። ከዚያ አካፋውን አንስቶ በባዶ እግሩ ሮጠ፣ እኔም ተከተልኩት።

ውሃው ከአጥሩ ጀርባ ባለው በእትዬ ማድ ቤት ግድግዳ ሥር ገብቶ የጎታውን ግርጌ አሟሽሾት ነበር። ጎታው ወደ አንድ ጎኑ ተቀምጦ ማሽላው ጭቃው ላይ ይፈስሳል። እትዬ ቀሚሳቸውን ሰብስበው «አብሽር፣ አብሽር፣ ጭቃ ነው፣ ይሠራል» ይሉታል ለአባዬ። እሱ ተንበርክኮ በእጁ እየዘገነ ወደ ቁና ይጨምራል፣ ቀና አይልም። ጎታው ሲጋደል ከኋላው ያለው ቦታ ታየኝ። የስፌት ማሽናችን እግር መሬቱን ያሰረጎደበት ምልክት አሁንም ነበር።

በማግስቱ ፀሐይ ወጣች። ይህ ሁሉ ማሽላ የት ይሰጣ? ሰፈሩ ሁሉ ጭቃ ነው። ንጹሕና ደረቅ የሆነው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ የእኛ ግቢ። ድንጋዩ ላይ ተሰጣ። ዶሮ የምጠብቀውም እኔ ሆንኩ፤ ዱላ ይዤ፣ ዘይቱኑ ሥር፣ ያችው ወንበሬ ላይ።

እትዬ በእጃቸው እያገላበጡ «እንዴት ሸጋ አድርጎ ያደርቃል!» ይላሉ። «ያባትሽ ድንጋይ ባይኖር ይህ እህል በስብሶ አልነበር?»

ምነው በሰደቡኝ። መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ እንዳልል እንኳ ከሥሬ ያለው ድንጋይ ጠብቆ የተነጠፈ ነው።

አባዬ የግቢውን በር ዘጋው። በረንዳ ላይ ተቀምጦ አንድ ዓይኑን በመዳፉ ይሸፍንና ራቅ ያለውን የኤሌክትሪክ ምሰሶ ያያል፤ ደግሞ ሌላውን ሸፍኖ ያያል። እናቴ «ሸመገልኩ በለኛ!» ብላ ልታስቀው ሞከረች። አልሳቀም። «ሲባጎው ቀና ማለቱን አይቼ ነበር» አለ፤ «ኋላ ደግሞ ልክ መሰለኝ። የዓይኔን ነገር እንጃ።» ይህን ሲል እኔ ከእሱ አምስት እርምጃ ርቄ ዶሮ እያባረርኩ ነበር። ሦስት ቀን እንዲህ አለፈ።

በሦስተኛው ቀን ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች በሩን አንኳኩ። ማሽላውን እየዞሩ ገቡና በረንዳው ላይ ተቀመጡ። እትዬም እህላቸውን ሊያዩ መጥተው ነበር።

«ከቤተ ክርስቲያኑ በር እስከ መንገዱ ያለው ጭቃ ሰዉን እየጣለው ነው» አሉ አንደኛው። «የድሮ ሥራህን እናውቃለን፤ ይህንም አየነው። አንጥፍልን።»

«አልችልም አባቶቼ። ሌላ ሰው ፈልጉ።»

«ምነው? አይዞህ፣ ድንጋዩ ክርስትና አያነሣህም!» አሉ ሁለተኛው፤ እትዬ ሳቁ።

አባዬ አልሳቀም። «ዓይኔ ከድቶኛል። ይኸው የእሳቸውን ጎታ አፈረስኩ። ነገ ውሃውን መቅደሱ ውስጥ ባስገባውስ? መዶሻውን ልሸጠው ነው።»

እዚህ ላይ «ዱላው ከእጄ ወደቀ» ብዬ ልጽፍ ነበር፤ አልወደቀም፣ እንዲያውም አጥብቄ ይዤው ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «አራት ጣት አላደረግኩትም። ጠረጴዛዬ እንዳይንጋደድ ብዬ አንድ ጣት ነው ያደረግኩት። አልለካሁትም።»

 ዶሮዎቹ መጥተው ማሽላውን መልቀም ጀመሩ፣ እሽ የሚላቸው ጠፋ።

አባዬ ገብቶ ቱቦውን ይዞ ወጣ፤ ውሃ ሞላው። ችካሎቹ ከነሲባጎ ቋጠሯቸው ገና አልተነቀሉም ነበር። ጫፉን ወደ እኔ ዘረጋና «ያዢ» አለ።

«ቆመ?»

 በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ። እትዬ ጎንበስ ብለው ከምልክቱ እስከ ሲባጎው ቋጠሮ በራሳቸው ጣት ለኩ። «አንድ» አሉ። ሁለተኛ ጣት የሚያስገቡበት ቦታ አልነበረም።

«ዓይንህ ደህና ነዋ!» አሉ ሽማግሌው። «መቼ ትጀምራለህ?»

አባዬ እኔን ነበር የሚያየው። «ድንጋዩ ይነሣል» አለኝ፣ ቀስ ብሎ። «ጎታውም ይሠራል። ግን ሦስት ቀን ሙሉ ዓይኔን እየሸፈንኩ ስሞክር አጠገቤ ነበርሽ።» እስከ ዛሬ አልደገመውም። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር ማለት ቀላል ነው፤ እኔ ግን የፈለግኩት እንዲደግመውና እንዲወጣለት ነበር።

የዘይቱኑን ጥግ ድንጋይ እኔው ነቅዬ እኔው አቀበልኩ። ለጎታው ጭቃና ጭድ በእግሬ ያቦካሁትም እኔ ነኝ። ስረግጥ እትዬን «አልተናደዱብኝም?» አልኳቸው።

«ተናድጃለሁ እንጂ! ግን ዶሮ ስትጠብቂ ፊትሽን ሳየው አሞሽ መስሎኝ ነበር። እንዲያ የከረመ ሰው ላይ ምን ልጨምር? ይልቅ ርገጪ፣ ጭዱ አልተዋሐደም።»

አሁን ሲዘንብ ውሃው በዘይቱኑ ሥር አልፎ ወደ መንገዱ ቦይ ይወጣል። ጠረጴዛዬ እትዬ ማድ ቤት ደጃፍ ላይ ነው፣ ይህንን የምጽፈውም እዚያ ነው።

የቤተ ክርስቲያኑን ሥራ አባዬ ሠራው። ቱቦውን ያስያዘው ግን የድሮ የሥራ ጓደኛውን ነው። እኔ ምሳ አመላለስኩ። ገና ከሩቅ የመዶሻውን ድምፅ ለየሁት፤ እንደ ልጅነቴ ግን መሮጥ አልቻልኩም።

ቀጥሎ የአንድ ጎረቤት ደጅ ተገኘ። ጓደኛው ሌላ ሥራ ላይ ነበርና ወደ እኔ ሳያይ «ቱቦውን አምጪ» አለኝ። ጫፉን ይዤ ችካሉ ላይ ቆምኩ።

«ቆመ?» ይላል።

«ቆመ» እላለሁ። መዶሻውን ያስቀምጥና ግቢውን አቋርጦ መጥቶ ራሱ ያያል። በየችካሉ እንዲሁ። እኔ ቱቦውን እንዳይነቃነቅ አድርጌ እይዛለሁ።

ትናንት፣ መጨረሻው ችካል ላይ፣ «ቆመ» ስለው ግማሽ መንገድ መጥቶ፣ ውሃውን ሳያይ ተመለሰ።