ሻጋታ የሚበላ አፈር ፍለጋ፦ ከዲላ ዱመርሶ

ሰኞ ጎህ ሲቀድ፣ ዲላ

በቅሎዬ ላይ ባዶ ጆንያ ጭኜ ወጣሁ። ጣሊያኖቹ ያነጠፉት ጠጠር ጪጩ ሳይደርስ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ጭቃ ነው።

እኔና ጓደኛዬ በቀለ የጣሊያኑ ሹም አትክልተኞች ነን። ሹሙ በመስታወት ቤት የሚያስተክለው ጋሮፋኖ የሚሉት ቀይ አበባ ከሥሩ እየበሰበሰ አለቀ። "መርዝ ነው" አለና ውኃ አጠጪውን በቀለን አሰረው።

እርሻ አዋቂው ጣሊያን ግን ሥሩን በአጉሊ መነጽር አይቶ፣ "ሻጋታ ነው" አለኝ። "ይህን ሻጋታ የሚበላ ሌላ አረንጓዴ ሻጋታ አለ። የሚኖረው ቅጠል በበሰበሰበት አፈር ውስጥ ነው። አምጣልኝ። ችግኙ ከዳነ መርዝ እንዳልሆነ ሹሙን አሳምነዋለሁ።"

ከተማው ዳር ያለውን አፈር ሞክረን አልሆነም። ያረጀ ጥላ ዛፍ ያለው ዱመርሶ ነው አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ፣ መንገድ ላይ

ዝናብ። አንድ ካሚዮን ጭቃውን ረጭቶብኝ አለፈ። ኬላ ላይ ወታደሩ ጆንያዬን በሳንጃ ወጋ ወጋ አደረገ።

"ምን ልትጭንበት ነው?"

"አፈር።"

እንደ እብድ አይቶኝ አሳለፈኝ። ማደሪያ ያገኘሁበት ቤት ቆጮ በጎመን አቀረቡልኝ። እያኘክሁ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ማክሰኞ፣ ዱመርሶ

አቶ ጅግሶ የሚባሉ ሽማግሌ ቡናቸው በትልልቅ ዋንዛ ሥር ነው። የረገፈው ቅጠል እግር ይውጣል። የመጣሁበትን ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ።

"ቡናውን ወሰዱ። በቅሎውን ወሰዱ። አሁን ደግሞ አፈር?"

"ለአበባቸው ነው፣ አባቴ። ግን በዚህ የተነሳ ሰው ታስሮብኛል።"

"ወንድምህ ነው?"

"አብሮኝ የሚሠራ ነው።"

"ልጆች አሉት?"

"አሉት።"

ከዚያ ዶማቸውን አንስተው ቅጠሉን ገለጡና ራሳቸው ይቆፍሩልኝ ጀመር። አፈሩ ጥቁር ነው፤ ለብ ይላል። ጆንያውን አብረን አሰርን። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ማመስገን አቃተኝ።

ሐሙስ፣ ዲላ

እግሬ አብጦ ገባሁ። እርሻ አዋቂው አፈሩን አሽትቶ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ግማሹን መደብ በአዲሱ፣ ግማሹን በአሮጌው አፈር ሞልተን ችግኝ ተከልን። ከዚያ መጠበቅ ሆነ፤ ከመንገዱ ይልቅ ያደከመኝ እሱ ነው።

ከሳምንታት በኋላ

በአሮጌው አፈር ያለው ወደቀ፣ በዱመርሶው ያለው ቆመ። እርሻ አዋቂው ሹሙን መደቡ አጠገብ አስቀምጦ አሳየው። በማግስቱ በቀለ ተፈታ።

ቤቱ ድረስ ደግፌ ወሰድኩት። ጢሙ አድጎ ነበርና ትንሹ ልጁ አላወቀውም፤ እናቱ ቀሚስ ውስጥ ተሸሸገ። በቀለ አልጠራውም። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ፣ ልጁ እስኪቀርበው ጠበቀ።