የአዛውንቱ አርማ

በፌዴራሉ ፍርድ ቤት መግቢያ ላይ የምትፈትሸው ሴት አዛውንቱን ከሩቅ ነው የምትለያቸው። የአውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። ቀጠሮ ባላቸው ቁጥር ያንኑ የሥራ ልብስ ተኩሰው ለብሰው ይመጣሉ። የሱሪው መስመር እንዳይበላሽ ብለው አግዳሚው ባዶ እያለ ቆመው ይጠብቃሉ። ኮታቸውን ፀሐይ አንጥቶታል፤ ደረቱ ላይ አርማ የነበረበት ቦታ ብቻ እንደ አዲስ ነው። ኩባንያው “ነዳጅ ሰርቀሃል” ብሎ ሲያባርራቸው አርማውን የነቀለባቸው ሠራተኛው ሁሉ እያየ ነበር።

ዛሬ ጠበቃቸው ከኩባንያው ሰዎች ጋር ከሚደራደርበት ክፍል ላብ በላብ ሆኖ ወጣ።

“አባባ፣ ካሳውን ጨምረዋል። ይፈርሙና ነገሩ ችሎት ሳይደርስ ይለቅልን።”

“ያልኩህስ?”

“እሱ ይቅር ነው የሚሉት።”

“ስሜን በአደባባይ አጥፍተው በጓዳ ሊክሱኝ? አይሆንም! አርማዬን አድርጌ፣ ያ ሁሉ ሠራተኛ እያየኝ፣ አንድ ዙር ነድቼ ልሰናበት። አለዚያ ዳኛው ፊት እንገናኝ በላቸው።”

ጠበቃው ራሱን እየነቀነቀ ተመለሰ። ቆይቶ ሲወጣ ግን ጥርሱ አልከደን ብሎት ነበር።

“እሺ ብለዋል!”

አዛውንቱ ያኔ ነቅለው ሲጥሉት ከመሬት ያነሱትን አርማ ከኪሳቸው አወጡና ወደ ፈታሿ ዞሩ።

“ልጄ፣ መርፌና ክር አታጪም።”

ከኮሌታዋ ሥር የሰካችውን መርፌ ከነክሩ ነቀለች። “ያምጡት፣ እኔ ልስፋልዎት።”

“ተይ፣ ሲነቅሉት ዝም ብዬ ቆሜያለሁ። የምሰፋው ራሴ ነኝ።”

ኮታቸውን አውልቀው ለመጀመሪያ ጊዜ አግዳሚው ላይ ተዘርፍጠው ተቀመጡ።

“አባባ፣ ለፊርማው እየጠበቁን እኮ ነው!” አለ ጠበቃው።

“ዛሬ ደግሞ እነሱ ይጠብቁ” አሉ፣ ክሩን በምራቃቸው እያሾሉ።