ሞተሩን በቃሬዛ ያወረድን ቀን

በዚያ የገበያ ቀን ጠዋት ቃሬዛውን ከበን የቆምነው እነዚህ ነበርን። አባቴ ሰይድ፣ ታላቅ እህቴ ዘሀራ፣ የዕድራችን የቅሬው ዳኛ አያ በላይ፣ ቁርኣን ያስተማሩኝ ሼህ ሙሄ፣ የባቡር መስመሩን የሚያጠናው ኢንጂነር ግርማ፣ የቁፋሮ ማሽኑ ሠራተኛ ተፈራ፣ ጎረቤቶቻችን አሊና ካሳ፣ እኔም አህመድ፣ ያኔ ቁመቴ ከዕድሜዬ ቀድሞ የረዘመ ጎረምሳ። እማማ ጦይባ የተቀላቀሉን ኋላ መንገድ ላይ ነው፤ እሳቸውን ሳልጠራ ግን መጀመር አልችልም።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ ሽታ ነው። ባለፈው ሳምንት፣ መካነ ሰላም ውስጥ የውኃ ፓምፕ በምጠግንባት ጠባብ ክፍል፣ አንድ ገበሬ የተበላሸ ፓምፑን ከዝናብ ለማዳን በገዛ ጋቢው ጠቅልሎ ይዞልኝ መጣ። ጋቢውን ስገልጠው የራሰ ጥጥና የናፍጣ ሽታ ተቀላቅለው ፊቴን መቱኝ፤ እጄ መፍቻውን እንደያዘ ቀረ፣ ሰውየውም ፓምፑ የማይድን መስሎት ደነገጠ። ከብዙ ዓመት በፊት በሰፈራችን በጨፌ አፋፍ ዳገት ላይ፣ ከአባቴ ጋቢ የሸተተኝ ሽታ ራሱ ነበር።

ጨፌ አፋፍ ስሟ እንደሚለው ነች፤ ከላይ ለምለም መስክ፣ ከመስኩ ጫፍ ደግሞ ገደል። መኪና የሚደርሰው እስከ መስኩ ድረስ ብቻ ነበር፤ ከዚያ በታች ያለው የአህያና የሰው መንገድ ነው። በዚያ ዓመት ከደሴ ወገን ተነስቶ ደጋውን አቋርጦ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ የባቡር መስመር ሊጠና ነው ተባለና፣ ራሳቸው ቀይ የተቀቡ ችካሎች በገብስ ማሳዎቻችን መካከል ተተከሉ። ሰው ሁሉ ባቡሩ በማግስቱ የሚመጣ ይመስል ነበር። አሊ ላሞቹ ከጩኸቱ የተነሳ ወተት ይነሱኛል ብሎ ሰጋ፤ ሼህ ሙሄ በባቡር የሚሄድ ሰው ሶላት ያሳጥር እንደሆነ ደረሶቻቸውን፣ ተማሪዎቻቸውን፣ ጠይቀው ሲያከራክሩ ሰነበቱ፤ እኛ ልጆቹ ደግሞ ከሩቅ የሚመጣውን ለመስማት ጆሯችንን ችካሉ ላይ ደግፈን እንተኛ ነበር። ንፋስ ብቻ ነው የሰማነው፤ ግን ሰማን ብለን አወራን።

መስመሩ ገደሉን በድልድይ መሻገር ነበረበት። ድልድዩ የሚቆምበት ዓለት ጠንካራ መሆኑ የሚታወቀው ደግሞ ተቆፍሮ፣ ከሆዱ የወጣው ድንጋይ ታይቶ ነው። ኢንጂነር ግርማ ቁፋሮው እኛ ዘንድ ከተጀመረ ድንኳኑን እዚሁ እንደሚተክል፣ ከመሬት የሚወጣውን ድንጋይ በየሳጥኑ እየደረደረ ምልክት የሚጽፍበትም ሰው እንደሚፈልግ ተናገረ። ዘሀራ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ቤት ተቀምጣ ነበር፤ የእጅ ጽሑፏን አየና ሥራው ያንቺ ነው አላት።

ይህ ሥራ ለእኛ ቤት ምን እንደነበር ልንገራችሁ። የዘሀራ ፓስፖርት ወጥቶ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ወደ ዓረብ አገር የሚወስዳት ደላላ በዚያው ሳምንት መጨረሻ ሊመጣ ቀጠሮ ይዟል። አባቴ እንድትሄድ አይፈልግም፤ እንድትቀርም የሚያደርግበት መላ አልነበረውም። ብዙ የማይናገር ሰው ነበርና፣ አንድ ቀን ማታ ብቻ ሥራ እዚህ ካገኘች ትቀራለች፣ ካላገኘች ግን ዕድሏን አልዘጋባትም ሲል ሰማሁት። ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሳም፤ እሷም አላነሳችም።

ማሽኑን የጫነው መኪና መስኩ ላይ ሲደርስ ቆመ። ማሽኑ ተፈታትቶ የሚሸከሙት ዓይነት ነው፤ ቧንቧውን አህያ ይጭነዋል፣ እግሮቹን ሰው ይይዛቸዋል። ሞተሩ ግን አንድ ወጥ ብረት ነው፤ የሚፈታው ሁሉ ከተፈታለት በኋላም በሬ የሚያንገዳግድ ክብደት አለው። ተፈራ ዞር ዞር ብሎ አየውና መንገድ እስኪጠረግ ድረስ እንጠብቅ አለ። ኢንጂነሩ ግን የሚጠብቅበት ጊዜ አልነበረውም፤ እስከዚያ ቀን ማታ ሞተሩ ከቁፋሮው ቦታ ካልደረሰ በማግስቱ ጠዋት ጓዙን ጠቅልሎ ሩቅ ወዳለው ሌላ አማራጭ መስመር እንዲዛወር ታዟል።

ቀኑ ደግሞ ገበያ ነው፤ ጉልበት ያለው ሁሉ ከነጋ መካነ ሰላም ሄዷል። አባቴ አያ በላይን የቅሬውን ጥሩምባ እንዲነፉለት ለመናቸው። ጥሩምባው ቢነፋ ከየሸለቆው የሚወጣ ሰው አይጠፋም ነበር። የኛ ቅሬ እስላምና ክርስቲያኑ አብሮ የሚቀባበርበት ማኅበር ነው፤ ሕጉም ጥብቅ ነው፣ ጥሩምባ ሰምቶ የቀረ ይቀጣል፣ በሐሰት የነፋም ይቀጣል።

«ሰይዴ፣» አሉት አያ በላይ፣ «ጥሩምባ ለሞተና ለታመመ ነው። ለብረት አልነፋም። ዛሬ ለብረት ከነፋሁ ነገ ለሰው ስነፋ ማን ይነሳልኛል?»

አባቴም ልክ መሆናቸውን ያውቃል። አያ በላይ ቃሬዛውን ግን በአደራ መስጠት እንደሚችሉ፣ ትከሻቸውም የራሳቸው እንደሆነ ተናገሩና ጋቢያቸውን አጣፉ።

ቃሬዛ ተሸክሞ የማያውቅ ሰው ነገሩ የጉልበት ይመስለዋል። የቅብብል ነው። ተለዋጩ ከኋላ መጥቶ ከተሸካሚው ጎን ይገባል፣ እርምጃውን ከእርምጃው ያስተካክላል፣ ትከሻውን ከእንጨቱ ሥር አስገብቶ «ተቀበልኩ» ይላል፤ የመጀመሪያው ያን ጊዜ ዝቅ ብሎ ይወጣል። ቃሬዛው አይቆምም፣ አይዘነበልም፣ መንገድ ላይም አይቀመጥም፤ በሽተኛ መሬት ማስነካት ገዱ ጥሩ አይደለም ይባላል። ይህ የሚሆነው ግን ተለዋጭ ሲኖር ነው። እኛ ተለዋጭ አልነበረንም። አባቴ፣ አያ በላይ፣ አሊ፣ ካሳ፣ ተፈራና እኔ ከእንጨቱ ሥር ገባን፤ ኢንጂነሩም ጫማው እያንሸራተተው ከኋላ በገመድ ይዞ ይጎትት ነበር። ቧንቧውና እግሮቹ በአህያና በልጆች ቀድመው ወርደዋል፤ ዘሀራ ሳጥኖቿን በጀርባዋ አዝላለች። ሼህ ሙሄ በሰላም ያድርሰን እያሉ ዱኣ እያደረጉ ከፊት ቀደሙ።

ዝናቡ የመጣው ከመጀመሪያው ጠመዝማዛ በታች ነው። ሸራው መኪናው ላይ ቀርቷል። ተፈራ ሞተሩ ውስጥ ውኃ ከገባ ወስደንም አይነሳም ብሎ ሲጮህ፣ አባቴ አዲሱን ጋቢውን አወለቀና ሞተሩን ከራስጌ እስከ ግርጌ ሸፈነው። አሁን እንግዲህ ከታች ከቆላ ወደ ገበያ የሚወጣ ሰው ምን እንደሚያይ አስቡት፤ ቃሬዛ፣ በነጭ የተሸፈነ ነገር፣ ከፊት የሚያነበንቡ ሼህ፣ ከኋላ ያዘነች ወጣት ሴት። በእኛ አገር አስከሬን መንገድ ላይ ያገኘ ሰው ጉዳዩን ትቶ ይዞራል፤ ጥቂትም ቢሆን ይሸኛል። ገበያተኞቹ ሸክማቸውን ከመንገድ ዳር አኖሩ፣ አህዮቻቸውን ሰበሰቡ፣ «ኢና ሊላሂ» አሉ፣ አማተቡ፣ ወርደው ከኋላችን ተሰለፉ። ከገበያተኞቹ መካከል እማማ ጦይባ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው ማልቀስ ጀመሩ። የእሳቸው ልጅ ዓረብ አገር ሞታ አስከሬኗ እንዳልመጣ አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ ከዚያ ወዲህ የማንም ሞት የእሳቸው ነበር።

እኛ ትንፋሽ ስላጠረን ማስረዳት አልቻልንም። እውነቱን ልናገር ካልኩ ደግሞ፣ አያ በላይ አንገታቸውን ደፍተው ሲሄዱ ያየ ሰው በእርግጥም የሚያስቀብሩ ይመስለዋል። ከኋላዬ አንድ ሰው ሟቹ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፣ ሹፌር ነበር እንዴ ብሎ ሲጠይቅ፣ ሌላው ሙት አይወቀስም ብሎ ሲገስጸው ሰማሁ።

ገደል አፋፍ ላይ ካለው ቁልቁለት ስንደርስ የካሳ ጉልበት ከዳው። ቃሬዛው ተዘነበለ፣ ጋቢው ተንሸራተተ፣ የሞተሩ ጭስ ማውጫም እንደ ቀንድ ብቅ አለ። መሬት አስቀመጥነው። ለቅሶው ቆመ። በሞት ያሾፍን መስሏቸዋል፣ ጥቂቶቹም ማጉረምረም ጀምረዋል። እማማ ጦይባ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ወደ አባቴ ቀረቡ።

«ማነው የሞተው?» አሉት።

«የሞተ የለም፣ እማማ፣» አለ አባቴ። ዝናቡ ከግንባሩ ይወርዳል። «ይቺ ልጄ እንዳትሄድ ነው የምንሸከመው።»

ዘሀራን አዩዋት። አተኩረው አዩዋት። ከዚያ ወደ ገበያተኛው ዞረው፣ «እንግዲያ ምን ይገትራችኋል?» አሉ። «ለሞተ የዞረ እግር ለቆመ ይታክታል?»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙ ጊዜ ለመጻፍ ሞክሬ አልሆነልኝም። አንድ ትከሻ ከጎኔ ገባ። «ተቀበልኩ» አለ። ከፊት «ተቀበልኩ»፣ ከኋላ «ተቀበልኩ»፤ ቃሬዛው ከመሬት ተነሳ፣ ከዚያ ወዲያም መሬት አልነካም። የቆላ ሰዎች ጨው የተሸከሙበትን ትከሻ፣ በርበሬ የተሸከሙበትን ትከሻ እየሰጡ፣ በዚያ ፍየል በሚጠነቀቅበት ቁልቁለት ያን ብረት እንደ ሙሽራ አወረዱት። ከሁሉ ይልቅ ያጉረመረሙት ሰውዬ አምስት ጊዜ ይሁን ስድስት ጊዜ ተመልሰው ገቡ፤ ወጣ ሲሉ ያማቸው ነበር መሰለኝ። ኢንጂነሩ ገመዱን ለቆ ከአያ በላይ ጎን ገባ፤ መነጽሩ ጭቃ በጭቃ ሆኖ በጭፍን ይራመድ ነበር።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረስን። ተፈራ ከናፍጣ ቱቦው አየሩን አስወጣ፣ እጀታውን አዞረ፣ አዞረ፣ ሞተሩም መጀመሪያ እንደ አዛውንት አሳለ፤ ከዚያ ገደሉ ሁሉ በድምፁ ተሞላ። ከማዶ ተራራ የተመለሰው ማሚቶ ሌላ ሞተር ያለ አስመሰለው። ሴቶቹ እልል አሉ፣ እማማ ጦይባ ከሁሉም በላይ። ሲጨልም የመጀመሪያው ድንጋይ ከመሬት ሆድ ወጣ፤ ጥቁር፣ ድፍን፣ እንደ አገዳ ክብ። ዘሀራ በጉልበቷ ተንበርክካ አጠበችው፣ ከሳጥኗ አኖረችው፣ ቀስት አድርጋ ላይና ታቹን ጻፈችበት። አባቴ ከላይ ሆኖ ይመለከታት ነበር፤ ፊቱን እንዲህ ፈክቶ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላየሁትም። ደላላው በቀጠሮው ቀን መጥቶ ሻይ ጠጥቶ ሄደ።

የቅሬው ሰዎች በሚቀጥለው ስብሰባቸው ግማሽ ቀን ተከራከሩ። ቃሬዛው ለብረት መዋሉ ያስቀጣል ወይ ተባለ። በመጨረሻ ሕጉ ሰው እንዲነሳ እንጂ ምን እንዲነሳ አይልም ተብሎ ተወሰነና ተሳስቀው ተለያዩ።

ባቡሩ እስከ ዛሬ አልመጣልንም። ችካሎቹ ግን አሉ፤ ገበሬው እየዞራቸው ያርሳል እንጂ አይነቅላቸውም። ቁፋሮው ሁለት በጋ ቆየ፤ ዘሀራ ከድንጋዩ ጋር ፍቅር ይዟት ትምህርቷን ቀጠለች፣ ዛሬ ኮምቦልቻ የአፈርና የድንጋይ ምርመራ ሥራ ላይ ነች። ለቁፋሮው ሲባል የተጠረገው መንገድ ደግሞ ሰፋ፤ አሁን በሽተኛ በባጃጅ ይወጣል፣ እግዜር ይመስገን። አባቴ በዚያው መንገድ በመኪና ሄዶ ተቀበረ። ሼህ ሙሄም እማማ ጦይባም የሉም። የዛሬ ጎረምሶች ጠንካሮች ናቸው፤ ሳይቆሙ ትከሻ መቀያየር ግን አያውቁበትም። አስከሬን የጫነ መኪና ሲያልፍ ገበያተኛው መንገድ ይለቃል፤ የሚዞር የለም፤ በምን እግሩ ይደርስበታል?

ይህን የምታነቡ፣ በዚያ ቀን ከቆላ የወጣችሁ ካላችሁ፣ የጎደለውን ሙሉልኝ። ዝናቡ ያባራው ከቁልቁለቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? አያ በላይ ከኋላ በስተቀኝ ነበሩ ብዬ አስባለሁ፤ አሊ በግራ ነበሩ ይላል። ጨውና በርበሬያችሁን ከመንገድ ዳር ትታችሁ ስትሄዱ ማን ጠበቀላችሁ? ስማችሁንም ንገሩኝ። አንገቴን ደፍቼ ስለነበር ፊታችሁን አላየሁም፤ በተለይ ያን ከጎኔ ገብቶ ከትከሻዬ የተቀበለኝን ሰው። ማን ነበርክ?