ለኮሶው ብሎ የጀመረው አረቄ

ሐዋሳ፣ ማለዳ

ሶዶ የምሄደው ለሠርግ ቢሆን ኖሮ እየዘፈንኩ እሳፈር ነበር። ያስነሳኝ ግን የወንድሜ ሚስት የአስቴር ስልክ ነው። "ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፣ እህል አስጠልቶታል፣ ሐኪም ቤት ስለው ይቆጣል። አንቺን ይሰማልና ነይልኝ" አለችኝ። ይሰማኛል እንኳ ማጋነን ነው፤ ስጮህበት ዝም ይላል ለማለት ነው። ታላቄ ስለሆነ ጋሼ ማርቆስ እለዋለሁ፤ ስናደድ ግን ታላቅነቱን እረሳዋለሁ።

ቦዲቲ፣ ምሳ ሰዓት

በሻሸመኔ አድርገን ሀላባን አልፈን ቦዲቲ ስንደርስ ሹፌሩ ሥጋ ቤት በር ላይ አቆመ። "እህት፣ ወላይታ መጥተሽ ጥሬ ሥጋ ሳትበዪ?" ሲለኝ እምቢ የማለት አቅም አጣሁ። ዳጣ የሚሉት የቃሪያ ማባያ አፌን አቃጠለው፣ እንባዬ ወረደ፣ ጨምሩልኝ አልኩ። ከዚያ በኋላ እስከ ሶዶ የእንሰቱን ጓሮና የዳሞታን ተራራ እያየሁ ተጓዝኩ።

ሶዶ፣ አመሻሽ

ወንድሜ በር ላይ አቀፈኝ። ወይኔ! አጥንቱን ነው ያቀፍኩት። አፉ አረቄ አረቄ ይሸታል። የአጥቢያው ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሆኖ መጠጥ መቅመስ ለእሱ ውርደት እንደሆነ አውቃለሁና ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

በማግስቱ፣ ክሊኒክ

ኦቶና በሚባለው ሰፈር ወዳለ አንድ ክሊኒክ ከእሱና ከአስቴር ጋር በባጃጅ ሄድን። እዚህ በሽተኛ ብቻውን አይላክም፤ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ አቶ ዳልኬም አብረውን ገቡ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። "መጠጥ ትወስዳለህ?" ብላ ጠየቀችው።

"ኧረ ዶክተር! እሱ የጌታ ሰው ነው፣ እንዴት ይጠጣል?" ብለው አቶ ዳልኬ መለሱለት።

ወንድሜ መሬት መሬቱን አየ። ደሜ ፈላ። "አባባ፣ የተጠየቀው እሱ ነው!" አልኳቸው። አስቴር ቆነጠጠችኝ። ሐኪሟ እኛ ሦስታችን እንድንወጣላት ስትጠይቅ ግን ወንድሜ እጁን አነሳ።

"ይቀመጡ። መደበቅ ሰለቸኝ" አለ። "የዛሬ ስንት ዓመት በጊፋታ፣ በዘመን መለወጫችን በዓል፣ ጥሬ ሥጋ በልቼ ኮሶ ያዘኝ። ለሐኪም መናገር አፈርኩ። አረቄ ይገድለዋል ሲሉኝ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዴ እጠጣ ጀመር። ኮሶውም አልሞተ፣ እኔም መተው አቃተኝ።"

መጀመሪያ ሳቄ አመለጠኝ። አስቴር ፊቷን በነጠላዋ ስትሸፍን ሳይ ግን እኔም አለቀስኩ። ለካስ ስንት ዓመት ከጎኑ እየተኛች ታውቅ ኖሯል።

የሰገራና የደም ምርመራው፣ አልትራሳውንዱም፣ እስከ ከሰዓት ፈጀ። ከኮሶው በተጨማሪ ደሙን የሚመጥ ሌላ ትልም ተገኘበት። ሐኪሟ ውጤቱን ይዛ እንዲህ አለችው፦ "አረቄ ትል አይገድልም። የጎዳው ጉበትህን ነው። ምግብ ስለማትበላም ሰውነትህ ደክሞ ለትሉ ተመቸው። ጉበትህ አብጧል፤ ግን ገና ጠባሳ አልሆነም። መጠጡን ካቆምክ ሊያገግም ይችላል። ብቻ ቤትህ ተዘግተህ በአንዴ አታቁም፤ ያንቀጠቅጥሃል፣ አደጋም አለው። እዚህ እየተከታተልንህ ነው የምትተወው።"

አቶ ዳልኬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ይቆጡታል ብዬ ለጠብ ተዘጋጀሁ። "ዶክተር፣ ያንን ሥጋ አብረን ነው የበላነው" አሉ። "ለእኔም ዕቃ ስጪኝና ሰገራዬን ላምጣ።" ቦዲቲ ትዝ ብሎኝ እኔም ምክር ጠየቅኩ። ሐኪሟ እየሳቀች "አንቺ ገና ነሽ፤ ኮሶ ለመታየት ወራት ይፈጅበታል። ለወደፊቱ ሥጋሽን አብስለሽ ብዪ" አለችኝ።

አንድ ሳምንት ከረምኩ። አቶ ዳልኬ ማለዳ ማለዳ እየመጡ ወንድሜን ወደ ክሊኒኩ ያደርሱታል። ከቤተ ክርስቲያን ያስወጡታል ብዬ የፈራኋቸው ሰው መንገድ ላይ እጁን ይዘውት ሲሄዱ አየሁ። በአምስተኛው ቀን ወንድሜ ሁለት ሳህን ሾርባ ጠጣ።

ሐዋሳ፣ ቤቴ

ከተመለስኩ በሦስተኛው ቀን ጋሼ ማርቆስ ደወለልኝ።

"ትናንት አንድ መለኪያ ቀመስኩ" አለኝ።

ልጮህበት አፌን ከፈትኩ።

"ቆይ፣ አትቆጪ። ዛሬ ጠዋት ለሐኪሟ ራሴ ነገርኳት። ለአቶ ዳልኬም። ለአስቴርም። ዛሬ አልጠጣሁም።"

ያን ሁሉ ዓመት በሆነ ባልሆነው ስጮህበት እንዲደበቀኝ እንጂ ችግሩን እንዲነግረኝ አላደረግኩትም ነበር፤ ከሶዶ ይዤ የተመለስኩት ትምህርት ይህ ነው።

"ጎበዝ፣ ጋሼ" አልኩት። "ነገም ደውልልኝ፣ ብትጠጣም ባትጠጣም።"