አሥር ቀን የቆመው ቁልል

ጠዋት ጠዋት ማሽኑ የመጀመሪያዎቹን የካርቶን ሉሆች እንደተፋ፣ እትዬ መነጽር ከላይ አንዱን ታነሣና መዳፍ የምታህል ቁራጭ በቢላዋ ትቆርጣለች። ቁራጯን ወደ ቀኝ ዓይኗ አስጠግታ፣ ግራውን ጨፍና፣ ፊቷን ወደ ትልቁ መስኮት ታዞራለች። ካርቶን ሲያዩት አንድ ወፍራም ወረቀት ይመስላል እንጂ ሦስት ነው፤ ሁለቱ ለስላሶች ከላይና ከታች፣ በመሐላቸው ደግሞ እንደ ሞገድ እየተጠማዘዘ የሚሄድ ሦስተኛ። ሞገዱ ካልተደፈጠጠ ጠርዙ ላይ የተሰለፉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይታያሉ። በእነዚያ ቀዳዳዎች የመስኮቱ ብርሃን አንድም ሳይቀር ካለፈ፣ ቁራጯን ሽርጧ ኪስ ከትታ "በሉ፣ ነጋ" ትላለች። ካላለፈ ማሽኑ ይቆማል። ማን ይናገራታል?

መነጽር አድርጋ አታውቅም። ስሙን ያወጡላት የመለያ ክፍሉ ሴቶች ናቸው፤ በካርቶን አሻግራ የምታይ ሴት ሌላ ምን ትባላለች? እሷም ሥራ የጀመረችው እዚያው ክፍል ነው፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ። በረጃጅም ጠረጴዛዎች ላይ የሚዘረገፈውን አሮጌ ወረቀት፣ ጋዜጣውን ከጋዜጣ፣ የቢሮውን ከቢሮ እየለየች፣ የስቴፕል ሽቦ እየነቀለች አደገች። ያኔ ፋብሪካው የደብተር ወረቀት ነበር የሚሠራው። በኋላ ዘመኑ ዞረ። ጋዜጣ ከሳ፤ ቢሮዎች ደብዳቤያቸውን በስልክ መላላክ ጀመሩ። ካርቶን ግን በየበሩ ገባ። ጫማው በካርቶን፣ ሳሙናው በካርቶን፣ ጫጩት ሳትቀር በካርቶን ሆነች። የደብተሩ ማሽን በሸራ ተሸፍኖ ጥግ ያዘ፤ ፋብሪካው ቡናማ ወረቀት በጥቅል ከውጭ እያስመጣ ካርቶን ወደ ማጠፍ ዞረ። የመለያ ክፍሉም ሰባት ሴቶች ብቻ ቀሩለት።

አንድ ቀን ከወረቀት አምራቾች ማኅበር አንዲት አጥኚ መጠይቅ ይዛ መጣች።

"በቤትዎ በዓመት ስንት ኪሎ ወረቀት ትጠቀማላችሁ?"

"እኛ ቤት? ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ ልኬት የሚጽፈው በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ነው።"

"ያጨሳሉ ማለት ነው?"

"ኧረ አያጨስም! ጢስ ያስነጥሰዋል። ፓኮውን ከደንበኛ እየለመነ ነው።"

አጥኚዋ ሳቀችና መጠይቋን አጠፈች። ከዚያ ያየችውን አጫወተቻት። በዙሪያው ባሉት አገሮች ሁሉ የሚጻፍበት ወረቀት ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ነው፤ የሚታሸግበት ደግሞ እየጨመረ። ድሮ ቡናማ ጥቅል ይሸጡ የነበሩት አሁን ለራሳቸው ሳጥን እየፈለጉት ነው። በወር ይደርስ የነበረ ጥቅል በሦስት ወሩ የሚመጣው ለዚህ ነው። ተጠቅመን የጣልነውን ወረቀት እንኳ የጎረቤት መኪና ድንበር ተሻግሮ እየገዛ ይወስደዋል።

"እንግዲያ አሮጌ ጋዜጣ ከኔ ቀድሞ ፓስፖርት አወጣ በይኛ!" አለች እትዬ መነጽር።

ሥራ አስኪያጁ ግን ወሬውን በቀልድ አላለፈውም። የደብተሩን ማሽን ሸራ ገፈፈለት፣ አስጠገነው፣ ከአሮጌ ወረቀት ቡናማ ወረቀት አወጣበት። የመለያ ክፍሉ ሰዎች ከሰባት ሠላሳ አንድ ሆኑ። ከእነዚህ አንዷ የእትዬ መነጽር ታናሽ እህት ናት፤ ባሏ ከሞተ በኋላ ሁለት ልጆቿን ይዛ የእህቷ ጓዳ ውስጥ የምትኖር፣ ሥራ በጀመረች በሳምንቷ "እኔም እንደ ሰው ደክሞኝ ልግባ እንዴ!" ብላ በደስታ ጫማዋን በር ላይ የወረወረች።

የዚህ ሁሉ ነገር ዕጣ በአንድ ሰው ትዕዛዝ ላይ ተንጠለጠለ። ሰውየው የፍራፍሬ ነጋዴ ነው፤ ማንጎውን በመኪና አሥር ቀን አስጉዞ ድንበር ያሻግራል፤ ካርቶኑ ከቻለ የወቅቱን ሙሉ ትዕዛዝ ይፈርማል። ካልቻለ ሥራ አስኪያጁ አሮጌውን ማሽን መልሶ ሸራ ያለብሰዋል፤ የውጩን ጥቅል ይጠብቃል፤ የመለያ ክፍሉም ይዘጋል። ይህን ጥርት አድርጎ ነግሯቸዋል።

የመጀመሪያው ጭነት ገና ከነጋዴው መጋዘን ሳይወጣ በአራተኛው ቀን ተደረመሰ። ስምንት ሆኖ ከተደረደረው የታችኛው ካርቶን ጉልበቱ ከዳው፤ ማንጎው ጭማቂ ሆነ።

"አሮጌ ወረቀት ያው አሮጌ ወረቀት ነው" አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ፎቶውን በስልኩ እያሳያት። "ዓርብ ለሴቶቹ እነግራቸዋለሁ።"

"ፎቶውን ተወውና የወደቀውን ካርቶን አምጣልኝ፣ ልጄ።"

አመጡላት። ማንጎ ማንጎ ይሸታል። መሬት ላይ ዘፍ ብላ ጭኗ ላይ አገላበጠችው። ወረቀቱን በጣቷ አሸችው፤ ደኅና ነው። ሙጫውን በጥፍሯ ፈለቀቀችው፤ ደኅና ነው። ከዚያ ቀዳዳዎቹን ፈለገች። በካርቶኑ ግድግዳ የላይኛው ጠርዝ ላይ መሰለፍ ነበረባቸው፤ እዚያ የሉም። በጎን ናቸው።

"ሞገዱ ተኝቷል!" ብላ ጮኸች።

ሞገድ በካርቶን ግድግዳ ውስጥ እንደ ምሰሶ መቆም አለበት፤ ሸክሙን የሚሸከመው እሱ ነው። የተኛ እንደሆነ ግድግዳው እንደ አኮርዲዮን ይታጠፋል፤ ከየትም አገር የመጣ ወረቀት ይሁን። ካርቶኑን በብብቷ ሸጉጣ በቀጥታ ወደ ቆራጩ ሄደች። ቆራጩን ቆጥቤ ይሉታል፤ የጎበጠ ሚስማር እያቃና ዳግም የሚመታ ሰው ነው፤ ከእሷ ጋር ከደብተር ዘመን ጀምሮ አብረው ሠርተዋል።

"ቆጥቤ፣ ሉሁን ማን አዞረው?"

"እኔ! ምነው፣ ልታመሰግኚኝ ነው?"

"ለምን አዞርከው?"

"በቁመቱ ስቆርጠው አምስት ይወጣዋል፤ በጎኑ ሳዞረው ስድስት። ከየሉሁ አንድ ካርቶን በነጻ! ማንም ሳያየኝ ሁለት ሳምንት ሙሉ ፋብሪካውን እንዳበለጸግኩት ታውቂያለሽ?"

"በነጻ ሠላሳ አንድ ሴት ልታስባርርልኝ ነበር እኮ፣ አንተ ሰውዬ!"

ቀዳዳዎቹን አሳየችው። ቆጥቤ መቀሱን አስቀመጠ፤ ቆቡን አወለቀ፤ መልሶ አደረገው። ዕድሜውን ሙሉ የደብተር ወረቀት ቆርጧል። የደብተር ወረቀት ቢያዞሩት ቢያገላብጡት ምን ይሆናል? ምንም። ጎበዝ ቆራጭ የሚባለው እንዲያውም እያዞረ ቁራጭ የሚያተርፈው ነው።

"ለሥራ አስኪያጁ እኔ እነግረዋለሁ" አለ። "ያባርረኝ።"

"አብረን እንነግረዋለን። እኔስ ብሆን ሉሁን እንጂ መቼ ሳጥኑን አየሁ?"

ሥራ አስኪያጁ ሰምቷቸው ሲያበቃ ግንባሩን ያዘ። ነጋዴው አንዴ የተጎዳ ሰው ነው፤ በወሬ አያምንም አለ። እትዬ መነጽር መፍትሔውን ደረጃውን ስትወጣ አስባው ነበር። "እዚሁ እንደርድር። በትክክል የተቆረጠ፣ ስምንት ከፍታ፣ በየካርቶኑ የማንጎውን ክብደት የሚያህል አሸዋ። አሮጌው ወረቀት የሚቦካበት ገንዳ ክፍል፣ እንፋሎቱ አጠገብ፤ ግድግዳው ላብ የሚያልበው እዚያ ነው። አሥር ቀን ይቁም። በአሥረኛው ቀን ሰውየው መጥቶ በዓይኑ ይይ።"

"ካልቆመስ?"

"ካልቆመማ፣ ለሴቶቹ የምነግራቸው እኔ ነኝ።"

ቁልሉ ተሠራ፤ አራት ረድፍ ጎን ለጎን፣ ፓሌት በሚሉት የእንጨት ርብራብ ላይ፣ በገመድ ታስሮ። ቆጥቤ እያንዳንዷን ካርቶን በገዛ እጁ ቆረጠ፤ ስትቆረጥ ዓይኑ ትንሽ ያዘነ ይመስል ነበር፤ ከየሉሁ የሚጣለው ቁራጭ አንጀቱን በልቶት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመለያ ክፍሉ ሴቶች በገንዳው ክፍል ሲያልፉ የተኛ ሕፃን እንዳለበት ቤት በእግር ጣታቸው ይሄዱ ጀመር። ማንም ልንካው አይልም። አንዷ ስታስነጥስ ሌሎቹ ተቆጧት።

እትዬ መነጽር ከባለቤቷ የስፌት ሜትር ተውሳ በየጠዋቱ የታችኛውን ካርቶን ከፍታ ትለካለች። ማታ ደግሞ የፊት ክፍሏ ውስጥ፣ በጨርቅ ቁርጥራጭና በተንጠለጠሉ ሱሪዎች መሐል፣ ልኬቱ ይነገራል።

"ዛሬስ?" ይላል ባለቤቷ የስፌት መኪናውን አቁሞ።

"ያው ነው።"

"እኔን እንኳ በሠላሳ ዓመት እንዲህ ተጨንቀሽ ለክተሽኝ አታውቂም።"

"አንተ ከታች አትጎብጥም፤ ከላይ ነው የምትጎብጠው።"

እህቷ ከጓዳ ትስቃለች። በስድስተኛው ቀን ግን ሳቅ አልነበረም። የታችኛው ካርቶን የጥፍር ውፍረት ያህል ዝቅ ብሏል። እህቷ የልጆቿን የትምህርት ቤት ሸሚዝ ስታጣጥፍ ቆየች፣ ታጥፎ ያለቀውንም እንደገና አጠፈችው። እትዬ መነጽር ሜትሩን በእጇ እንደጠቀለለች ተኛች። በሰባተኛው ቀን ለካች፤ አልወረደም። በስምንተኛው ለካች፤ አልወረደም። ካርቶኑ ሸክሙን ለምዶት ተደላድሎ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን አዲስ ሐሳብ ሽው አለባት። አሸዋ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ማንጎ ግን በመኪና ላይ ይዘላል። መንገዱ ጉድጓድ አለው። ቁልሉ መንገጫገጭን ይችላል ወይ? ይህን ማን ለካው? የምሳ ሰዓት ነበር፤ ሁሉም ወጥቷል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው መሰላል ግድግዳው ላይ ተደግፏል። እትዬ መነጽር ጫማዋን አወለቀች፤ ሽርጧን ሰብሰብ አደረገች፤ መሰላሉን ወደ ቁልሉ አስጠግታ ወጣች። ጫፉ ላይ ተቀመጠች። ትንሽ ዘለል አለች። ቁልሉ ዝም። ደገመች፣ አሁን እንደ መንገዱ ክፉኛ። ቁልሉ ዝም። ደስ ብሏት እግሮቿን ስታወዛውዝ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ለራሱ እያፏጨ ገባና፣ ቀና ብሎ ሳያይ፣ መሰላሉን በትከሻው አንሥቶ ሄደ።

ትጣራ? አፈረች። ትዝለል? ጉልበቷን አሰበች። እንዲህ ስታመነታ በሩ ተከፈተ። ሥራ አስኪያጁ ነው፤ ከኋላው የፍራፍሬ ነጋዴው። ነጋዴው አንድ ቀን ቀድሞ መጥቷል፤ ሰው ሳይዘጋጅ ማየት እንደሚወድ በበሩ ሲገባ እየተናገረ ነበር።

ነጋዴው ቁልሉን ከታች ወደ ላይ ቆጠረ።

"ስምንት ነው ያሉኝ" አለ ቀና ብሎ።

"ስምንት ነው" አለች እትዬ መነጽር ከላይ፣ እግሮቿን ሰብስባ። "ዘጠነኛው ሠራተኛ ነው።"

"እዚያ ምን ያደርጋሉ፣ እትዬ?"

"የእርስዎን መኪና ሆኜ ነው። ዘልያለሁ። ከፈለጉ አሁንም እዘላለሁ።"

"እስቲ!"

ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን ጨፈነ። እትዬ መነጽር ዘለለች። ነጋዴው ተንበርክኮ የታችኛውን ካርቶን አራት ማዕዘን በጣቱ አንኳኳ፤ እጁን ሰደደ፤ ጀርባውን አየ። ሲነሣ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ረጥቧል።

"መኪናዬ እንኳ እንዲህ አይዘልም" አለ። "ብዕር አላችሁ?"

ጭነት በሚያነሣው መኪና፣ በፎርክሊፍት፣ አወረዷት። ፎርክሊፍቱ ላይ ቆማ ቀስ እያለች ስትወርድ የመለያ ክፍሉ ሴቶች ከምሳ ተመልሰው በሩን ሞልተው ነበር። እልልታው የገንዳውን ጩኸት አስረሳ። እህቷ ግን እልል አላለችም፤ ጫማዎቿን ከመሬት አንሥታ ጎንበስ ብላ አደረገችላት። ቆጥቤ ያን ከሰዓት በመቁረጫው ማሽን ላይ በነጭ ቀለም ትልቅ ቀስት ሣለ፤ ከሥሩም "ሞገዱ ይቁም፣ ስስታም!" ብሎ ጻፈ። የሰደበው ራሱን መሆኑን ሁሉም አወቀ። ቁልሉ አሥረኛ ቀኑንም ቆሞ ሞላ፤ ነጋዴው የወቅቱን ሙሉ ትዕዛዝ ፈርሟል፤ አሮጌው ማሽን ሸራውን አላየም፤ ሠላሳ አንዱ ሴቶች ዛሬ ሠላሳ ስድስት ናቸው።

እትዬ መነጽር ይህን ሁሉ፣ ታሪኩን ለምትጽፈው ለወንድሟ ልጅ፣ ስትነግራት አንድም ነገር አልሸሸገችም። የቆጥቤን ጥፋት ጻፊው አለች፣ እሱም ፈቅዷል። መሰላሉንም ጻፊው፣ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው ትምህርት ይሆነዋል። ነጋዴው ሙከራውን በትክክል ልመዝግብ ብሎ ክብደቷን ሲጠይቃት "ስልሳ አምስት" ማለቷንም ጻፊው። ቆጥቤ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወደ አሮጌ ወረቀት ማስረከቢያው ትልቅ ሚዛን እየገፋ እንደወሰዳትም ይሁን፣ ጻፊው። "ሚዛኑ ያለውን ግን፣ በሞቴ፣ ዝለይው።"

ሚዛኑ ዘጠና አንድ ኪሎ አለ።